ፎስፌት በባክቴሪያ ሽፋን እንዴት ያልፋል? የአንድ ጥያቄ ታሪክ

በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው የደም ፈሳሽ ውስጥ በሊትር አንድ ሚሊሞል ገደማ ፎስፌት ይገኛል። ሐኪም ይህን ቁጥር የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ የኩላሊት ሕመምተኛ ሲከታተል ወይም ለረጅም ጊዜ ምግብ አጥቶ የቆየ ሰው መመገብ ሲጀምር ነው። ለባክቴሪያ ግን ፎስፌት የዕለት ተዕለት የሕልውና ጉዳይ ነው። ያለ ፎስፌት ዲ ኤን ኤ አይኖርም፤ ኤ ቲ ፒ አይኖርም፤ የሕዋሱ ሽፋን ራሱ የሚሠራበት ፎስፎሊፒድም አይኖርም። ባክቴሪያው በውስጡ በሊትር በርካታ ሚሊሞል ፎስፌት ይዞ ሲኖር፣ በዙሪያው ያለው የወንዝ ወይም የሐይቅ ውኃ የሚይዘው መጠን ግን ከዚህ ከሺህ እጥፍ በላይ ሊያንስ ይችላል። በዚህ ላይ ፎስፌት ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ቅባታማውን ሽፋን በራሱ ሰርጎ ሊያልፍ አይችልም።

ታዲያ እንዴት ይገባል? ጥያቄው ሲያዩት ጠባብ፣ ለጥቂት ባዮኬሚስቶች ብቻ የተተወ ይመስላል። ይሁንና ይህን ጥያቄ የተከተሉ ተመራማሪዎች ሕያዋን ሁሉ ኃይል እንዴት እንደሚያመነጩ እስከ ማወቅ ደርሰዋል። በመንገዳቸውም የሳንባ ነቀርሳን የደም ምርመራና የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን መቋቋም የሚመለከቱ ነገሮች ተገኝተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሲገባ አንድ ሲወጣ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ብዙ ባዮኬሚስቶች ባክቴሪያን የሚመለከቱት ኤንዛይም እንደተሞላ ከረጢት ነበር። ትኩረታቸው በከረጢቱ ውስጥ በሚካሄደው ኬሚካዊ ሥራ ላይ እንጂ በከረጢቱ ልባስ ላይ አልነበረም። አንድ ንጥረ ነገር ከገባ ገባ ነው፤ በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ ብዙ የሚጨነቅ አልነበረም።

ይህ አመለካከት መለወጥ ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ኧርነስት ጌል የተባሉት ተመራማሪ በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ስታፊሎኮከስንና መሰሎቹን ግራም ፖዚቲቭ ባክቴሪያዎች መርምረው፣ እነዚህ ተህዋስያን አንዳንድ አሚኖ አሲዶችን ከውጭው ፈሳሽ ይልቅ በውስጣቸው እጅግ አብዝተው እንደሚያከማቹ አሳዩ። ይህም ሽፋኑ ዝም ብሎ የተቀመጠ አጥር ብቻ እንዳልሆነ አመለከተ። በዚያው ክፍል ፒተር ሚቸል የተባሉ ወጣት ተመራማሪ የፔኒሲሊንን አሠራር ያጠኑ ነበር። የመጀመሪያው የዶክትሬት ጽሑፋቸው በፈታኞች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ ዲግሪያቸውን ያገኙት እንደገና ሠርተው ካቀረቡ በኋላ በ1951 ነው። ከሳቸው ጋር የሠሩት ጄኒፈር ሞይል ደግሞ የታወቁት የባክቴሪያ ባዮኬሚስት የማርጆሪ ስቲቨንሰን ረዳት የነበሩ ሲሆን፣ ስቲቨንሰን በ1948 ከማረፋቸው በፊት ሁለቱ በጋራ እንዲሠሩ አበረታትተዋቸው ነበር። ትብብሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘልቋል።

ሚቸል የመረጡት ንጥረ ነገር ፎስፌት፣ የመረጡት ባክቴሪያ ደግሞ በወቅቱ ማይክሮኮከስ ፓዮጂነስ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የምንለው ነበር። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ጨረራ አመንጪው ፎስፈረስ 32 በምርምር ቤቶች እየተለመደ መጥቶ ነበር። ግማሽ ዕድሜው 14 ቀን ያህል ስለሆነ ለሙከራ ይመቻል፤ ምልክት የተደረገበትን ፎስፌት ከውጭ ጨምሮ በባክቴሪያው ውስጥ ምን ያህል እንደተገኘ በመቁጠር፣ የገባውን ቀድሞ ከነበረው መለየት ያስችላል።

በ1953 እና በ1954 የታተሙት ውጤቶች ያልተጠበቁ ነበሩ። ምግብ ያልተሰጠውና በዕረፍት ላይ ያለ ስታፊሎኮከስ በውስጡ ያለውን ፎስፌት ወደ ውጭ አያፈስም። ሽፋኑ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቢኖረው ኖሮ በውስጥ የበዛው ፎስፌት ወደ ቀጭኑ ፈሳሽ በወጣ ነበር። ሆኖም ምልክት የተደረገበት ፎስፌት በውጭ ሲጨመር ወደ ውስጥ ይገባል፤ በምትኩም ምልክት የሌለው እኩል መጠን ይወጣል። ነገሩ አንድ ለአንድ የሚካሄድ ልውውጥ ነው። አርሴኔት የተባለው ፎስፌት መሳይ መርዝ በዚሁ ልውውጥ ውስጥ ተካፋይ ሆኖ ተገኘ፤ የሜርኩሪ ጨው ደግሞ ልውውጡን አገደው።

ከዚህ የተነሣ ሚቸል የደረሱበት ድምዳሜ ፎስፌት የሚያልፈው በቀዳዳ ሳይሆን ኤንዛይም በሚመስል፣ የሚይዘውን መርጦ በሚይዝና ይዞም ወደ ሌላው ወገን በሚያዞር ነገር አማካይነት ነው የሚል ነበር። ዛሬ ይህ የማንኛውም ተማሪ ዕውቀት ነው። ያን ጊዜ ግን ኤንዛይም ማለት በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ነገር ነው፤ አቅጣጫ የለውም። ሚቸል ይናገሩለት የነበረው ግን ውስጥና ውጭ፣ ግራና ቀኝ ያለው ኤንዛይም ነበር። የኋለኛው ሥራቸው ሁሉ ፍሬ ነገር ይኸው የአቅጣጫ ነገር ነው።

ፕራግ እና ኮርንዎል

በነሐሴ 1960 በፕራግ ስለ ሽፋን ማጓጓዝ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተካሂዶ ነበር። ሚቸል በዚያ ተገኝተው ስለ አቅጣጫ ያላቸው ኤንዛይሞች ያላቸውን አስተሳሰብ አቀረቡ። በዚያው ስብሰባ ሮበርት ክሬን የተባሉት አሜሪካዊ ግሉኮስ በአንጀት ሕዋስ ሽፋን የሚያልፈው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው የሚለውን ሐሳባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ አደረጉ። የጤና ባለሙያ ይህን ሁለተኛውን በየቀኑ ይሠራበታል፤ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ኦ አር ኤስ ስኳርና ጨው አብረው የሚበጠበጡበት ምክንያት የክሬን ጥምረት ነውና። የባክቴሪያ ፎስፌትና የሕፃናት ተቅማጥ በአንድ ጉባኤ መገናኘታቸውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1961፣ ሚቸል ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ኔቸር በተባለው መጽሔት ኬሚኦስሞቲክ የተባለውን መላምት አሳተሙ። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ምግብ ሲቃጠል የሚለቀቀው ኃይል ፕሮቶኖችን በሽፋኑ በኩል ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ የተገፉት ፕሮቶኖች ተመልሰው ለመግባት ሲጫኑ፣ በግድብ እንደታቆረ ውኃ፣ ግፊታቸው ኤ ቲ ፒን ይሠራል፤ ፎስፌትን የመሰሉ ንጥረ ነገሮችንም ወደ ውስጥ ያስገባል። በዘመኑ የነበሩት ታላላቅ ተመራማሪዎች ግን ኃይሉ የሚሸጋገረው ገና ባልተገኘ አንድ ኬሚካዊ መካከለኛ ንጥረ ነገር ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ በየቤተ ሙከራው የሚፈልጉት ያንን ነበር። የሚቸል መላምት በብዙዎቹ ዘንድ እንደ እንግዳ ሐሳብ ታየ።

በዚህ መካከል ሚቸል በጨጓራ ቁስለት ታመው በ1963 ዩኒቨርሲቲውን ለቀቁ። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በኮርንዎል፣ ቦድሚን ከተባለችው ከተማ አጠገብ፣ ግሊን ሃውስ የተባለውን ያረጀ ትልቅ ቤት ራሳቸው ቆመው አሳደሱት። ከዚያም ከሞይል ጋር በዚያው ቤት በአነስተኛ ወጪ ምርምራቸውን ቀጠሉ። ዋና መሣሪያቸው የአሲድ መጠን የሚለካ ኤሌክትሮድ ነበር። ኦክስጅን ለጥቂት ጊዜ ለማይቶኮንድሪያ ሲሰጥ ፕሮቶን ወደ ውጭ መገፋቱን በዚያ ለኩ። ቤተሰባቸው ሀብታም ባይሆን ኖሮ ይህ ሊሆን እንደማይችል መካድ አይቻልም፤ ዩኒቨርሲቲ የሌለው ተመራማሪ የምርምር ገንዘብ የሚያገኝበት ዕድል ያን ጊዜም ጠባብ ነበር።

ክርክሩ አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። ሚዛኑን ካጋደሉት ሙከራዎች አንዱ በ1974 የኤፍሬም ራከርና የዋልተር ስቶከኒየስ ሥራ ነው። ከጨው ወዳድ ተህዋስ የተወሰደውን በብርሃን ፕሮቶን የሚገፋ ፕሮቲን፣ ከበሬ ልብ ከተገኘው ኤ ቲ ፒ ሠሪ ኤንዛይም ጋር በአንድ ሰው ሠራሽ የቅባት ፊኛ ላይ አኖሩና ብርሃን አበሩበት፤ ኤ ቲ ፒ ተሠራ። በሁለቱ መካከል ከፕሮቶን በቀር የሚያገናኝ ምንም ነገር አልነበረም። ሚቸል በ1978 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ብቻቸውን ተቀበሉ። የሞይል ስም በሽልማቱ ውስጥ የለም። የሁለቱን የጋራ ጽሑፎች ላነበበ ሰው ይህ ፍትሐዊ ሆኖ አይታየውም፤ መላምቱ የሚቸል መሆኑ ባያጠራጥርም፣ ያን የመሰለ ጥንቃቄ የተሞላበት ልኬት ባይኖር መላምት ሆኖ በቀረ ነበር።

በሩ አንድ አለመሆኑ

ሚቸል ወደ ኃይል ጥያቄ ሲሻገሩ የፎስፌቱ ጥያቄ በሌሎች እጅ ቀጠለ። የሙከራው ባክቴሪያም ተለወጠ፤ ስታፊሎኮከስ ለኢ ኮላይ ቦታውን ለቀቀ። የጂን ጥናት የሚያመቸው በኢ ኮላይ ነበርና።

የመነሻው ፍንጭ የመጣው ሐኪሞች በጉበትና በአጥንት ሕመም ጊዜ ከሚያዝዙት አልካላይን ፎስፋቴዝ ነው። ባክቴሪያም የራሱ አልካላይን ፎስፋቴዝ አለው። በ1959 በጃፓን ሆሪዩቺና ባልደረቦቻቸው፣ በ1960 ደግሞ አናማሪያ ቶሪያኒ፣ ኢ ኮላይ ይህን ኤንዛይም አብዝቶ የሚሠራው ፎስፌት ሲያጣ መሆኑን አሳዩ። ፎስፌት ከበዛ ሥራው ይቆማል። ቶሪያኒ ጣሊያናዊት ሲሆኑ በፓሪስ ፓስተር ተቋም ከዣክ ሞኖ ጋር ሠርተዋል፤ በኋላም በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፎስፌትን ዕድሜ ልካቸውን አጥንተዋል።

ይህን መቆጣጠሪያ የተበላሸባቸው ዝርያዎች ተለይተው ወጡ። እነዚህ ፎስፌት ቢበዛም ባይበዛም ኤንዛይሙን ያለማቋረጥ ይሠራሉ። ስለዚህ በነሱ ውስጥ የጠፋው ጂን ተቆጣጣሪ ጂን ነው ተባለ። በ1964 አላን ጋረንና ኦትሱጂ ከእነዚህ ጂኖች የአንዱ ውጤት የሆነውን ፕሮቲን ለይተው አወጡ። በዘመኑ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን በእጅ መያዝ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ፕሮቲኑ በዲ ኤን ኤ ላይ ምን እንደሚሠራ ማንም ሊያሳይ አልቻለም።

መልሱ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ1965 ሃሮልድ ኒው እና ሊዮን ሄፕል ኢ ኮላይን በመጀመሪያ ስኳር በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ፣ ከዚያም በድንገት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በመክተት፣ በሁለቱ ሽፋኖቹ መካከል ያሉትን ፕሮቲኖች ሕዋሱን ሳይገድሉ ማውጣት እንደሚቻል አስተዋወቁ። (ኒው ሐኪም ነበሩ፤ በኋላ በተላላፊ በሽታዎች ሕክምና ስማቸው የታወቀ ሆኗል።) ይህን ዘዴ የተጠቀሙት በአውስትራሊያ ካንቤራ የነበሩት ሃሪ ሮዘንበርግና ሜድቬትስኪ በ1970 ፎስፌትን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን አገኙ። በ1974 ደግሞ ሮዘንበርግና ገርደስ ይህ ፕሮቲንና ጋረን ከአሥር ዓመት በፊት ተቆጣጣሪ ብለው ያወጡት ፕሮቲን አንድ መሆናቸውን አሳዩ። ለካስ ጠፍቶ የነበረው በር ነበር። በሩ የሌለው ባክቴሪያ በፎስፌት መካከል ቢቀመጥም የተራበ መስሎት ያለ ዕረፍት ኤንዛይሙን ይሠራል። ሆኖም የመጀመሪያው ስያሜ ፈጽሞ ስህተት አልነበረም፤ ዛሬ እንደሚታወቀው በሩ ራሱ ለተቆጣጣሪዎቹ ወሬ አቀባይ ነውና፣ አስገቢም ጠቋሚም ነው።

ሁለተኛው በር የተገኘው በመርዝ ነው። በቦስተን ማይክል ማላሚና ባልደረቦቻቸው ከ1970 ጀምሮ አርሴኔት የማይገድላቸውን የኢ ኮላይ ዝርያዎች ለቅመው አጠኑ። አርሴኔት ፎስፌትን መስሎ ስለሚገባ፣ ከመርዙ የተረፉት በሩ የተዘጋባቸው ይሆናሉ የሚል ግምት ነበራቸው። ግምቱ ትክክል ሆነ። ነገር ግን በሩ የተዘጋበት ባክቴሪያ በፎስፌት እጦት አልሞተም፤ ስለዚህ ሌላ በር አለው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የታሪክ አጋጣሚ ነገሩን አወሳስቦት ነበር። በመጀመሪያዎቹ የአልካላይን ፎስፋቴዝ ጥናቶች ላይ የዋለው ኬ 10 የተባለው ዝርያ ከሁለቱ በሮች አንዱ ከመጀመሪያውም አልነበረውም። ተመራማሪዎች አንድ በር ብቻ ያለውን ቤት እየመረመሩ ስለ ቤት ሁሉ ይናገሩ ነበር።

በ1977 ሮዘንበርግ፣ ገርደስና ቼግዊደን ሁለቱን ለይተው አስቀመጡ። ፒት የተባለው በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ግማሽ ኃይሉን ለመሥራት በሊትር በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሞል ፎስፌት ይፈልጋል፤ አርሴኔትንም ከፎስፌት ብዙ አይለይም። ፒ ኤስ ቲ የተባለው ደግሞ ከአንድ ማይክሮሞል ባነሰ መጠን ይሠራል፤ የሚሠራውም ችግር ሲመጣ፣ ከውጭ ያለው ፎስፌት ሲመናመን ነው፤ አርሴኔትን አብዝቶ ይጸየፋል። በጥጋብ ጊዜ ርካሹ በር ይበቃል፤ በረሃብ ጊዜ ውድ የሆነው ይከፈታል።

ውድ የተባለው በምክንያት ነው። በ1974 በርገርና ሄፕል እንዳሳዩት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ሊወጣ የሚችል ያዥ ፕሮቲን ያላቸው በሮች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከኤ ቲ ፒ ወይም ከመሰሉ እንጂ በቀጥታ ከፕሮቶን ግፊት አይደለም። ፒ ኤስ ቲ ከዚህ ወገን ነው። ፒት ግን ሚቸል በተነበዩት መንገድ ከፕሮቶን ጋር ተጣምሮ ያስገባል፤ በ1990ዎቹ እነ ቫን ፌን እንዳሳዩት ደግሞ የሚያስገባው ብቻውን ያለውን ፎስፌት ሳይሆን ከማግኒዚየም ወይም ከካልሲየም ከመሰለ ብረት ጋር የተቆራኘውንና ሙል የሌለውን ነው። ስለዚህ ሚቸል ግማሹን አገኙ ቢባል ማሳነስ አይሆንም፤ ባክቴሪያው ከሁለቱም ዓይነት ኃይል ይጠቀማል።

በ1985 የፒ ኤስ ቲ ጂኖች በቅደም ተከተል ተነበቡ፤ ሥራው በካንቤራና በጃፓን ኦሳካ በየፊናው ነበር የተካሄደው። የኦሳካው ክፍል የሚታወሰው ግን በሌላ ነገር ነው። በአጹኦ ናካታ ሥር የነበሩት ዮሺዙሚ ኢሺኖና ባልደረቦቻቸው አልካላይን ፎስፋቴዝን የሚለውጥ አንድ ጂን ሲያነቡ፣ ከጂኑ ጎን ተመሳሳይ አጫጭር የዲ ኤን ኤ ቁርጥራጮች በእኩል ርቀት ተደጋግመው አገኙ። በ1987 ሲያሳትሙት ጥቅሙ አይታወቅም ነበር። ዛሬ ክሪስፐር የሚባለው ይኸው ነው።

አሥራ ሁለት ትስስሮች

ያዥው ፕሮቲን ፎስፌትን ከሰልፌት እንዴት ይለያል? ሁለቱ በመጠንና በቅርፅ ተመሳሳይ ናቸው። በ1990 በሂውስተን ሉከና ፍሎራንቴ ኪዮቾ የፕሮቲኑን ቅርፅ በኤክስሬይ ክሪስታል ጥናት አውጥተው መልሱን አሳዩ። ፎስፌት በፕሮቲኑ ጉያ ውስጥ በአሥራ ሁለት የሃይድሮጅን ትስስሮች ይያዛል። ከእነዚህ አንዱ ከአስፓርቴት ጋር ነው። አስፓርቴት ኔጋቲቭ ሙል ስላለው የሚቀርበውን ሁሉ አይቀበልም፤ ሃይድሮጅን ይዞ የሚመጣ ብቻ ይቀበለዋል። ፎስፌት በተለመደው የአሲድ መጠን ቢያንስ አንድ ሃይድሮጅን ይዞ ይቀራል። ሰልፌት ግን ሃይድሮጅኑን ሁሉ ጥሏል፤ ስለዚህ አስፓርቴቱ ይገፋዋል። ምርጫው በዚህች በአንዲት ሃይድሮጅን ላይ ይቆማል።

አርሴኔት ግን ሃይድሮጅን አለው፤ ስለዚህ ይህ ማብራሪያ ለእሱ አይበቃም። ጥያቄው እንደገና የተነሣው ከካሊፎርኒያ በመጣ አንድ የተጋነነ ዜና ምክንያት ነው። በ2010 መጨረሻ ሳይንስ በተባለው መጽሔት፣ አርሴኒክ ከበዛበት ከሞኖ ሐይቅ የተገኘ ባክቴሪያ በዲ ኤን ኤው ውስጥ በፎስፌት ፈንታ አርሴኔትን ይጠቀማል የሚል ጥናት ወጣ። ወሬው የዓለምን ጋዜጦች አጥለቀለቀ። በ2012 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ባክቴሪያው አርሴኔትን የሚቋቋም ቢሆንም ፎስፌት የግድ እንደሚያስፈልገው አሳዩ። በዚያው ዓመት ሚካኤል ኤሊያስ፣ ዳን ታውፊክና ባልደረቦቻቸው ባክቴሪያው በእርግጥ የሚያደርገውን ነገሩን፤ የፒ ኤስ ቲ ያዥ ፕሮቲኖች ፎስፌትን ከአርሴኔት ቢያንስ 500 እጥፍ አብልጠው ይመርጣሉ፤ ከሞኖ ሐይቅ የመጣው ባክቴሪያ ካሉት ፕሮቲኖች አንዱ ደግሞ ከዚህም አልፎ በሺዎች እጥፍ ይመርጣል። የአርሴኔት አቶም በጥቂቱ ስለሚሰፋ፣ ያ ከአስፓርቴት ጋር ያለው አጭር ትስስር ይጣመማል። በሌላ አነጋገር፣ ያ ባክቴሪያ በአርሴኒክ ባሕር ውስጥ የኖረው አርሴኔትን ስለወደደ ሳይሆን ከሁሉ አብልጦ ስለጠላው ነው። መጽሔቱ የ2010ሩን ጽሑፍ የሰረዘው በሐምሌ 2025 ነው፤ ጸሐፊዎቹ ግን መሰረዙን አልተስማሙበትም።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሕመምተኛ

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ያጠኑ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት 38 ኪሎ ዳልተን የሚመዝን አንድ ፕሮቲን ያውቁ ነበር። የሕመምተኞች ደም ፀረ እንግዳ አካላት በብዛት የሚያመርቱት በዚህ ላይ ስለሆነ ለምርመራ ይጠቅማል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ1989 ቅንብሩ ሲነበብ የኢ ኮላይን ፎስፌት ያዥ ፕሮቲን የሚመስል ሆኖ ተገኘ። የባክቴሪያው የረሃብ ጊዜ በር ነበር። ፕሮቲኑ በሽፋኑ ላይ በቅባት ጭራ ተተክሎ ወደ ውጭ ስለሚታይ፣ የሰው የመከላከያ ሥርዓት በቀላሉ ያየዋል።

ይህ ፕሮቲን ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር በበርካታ የደም ምርመራ መሣሪያዎች ውስጥ ገባ። መሣሪያዎቹ የላቦራቶሪ አቅም ባነሰባቸው አገሮች በስፋት ይሸጡ ነበር፤ ፈጣንና ቀላል ናቸውና። ውጤታቸው ግን ወጥ አልነበረም፤ የታመመውን ነፃ ነህ፣ ያልታመመውን ታመሃል ይሉ ነበር። በሐምሌ 2011 የዓለም ጤና ድርጅት ለንቁ የሳንባ ነቀርሳ እነዚህን የንግድ የደም ምርመራዎች መጠቀም እንዳይገባ አጥብቆ መከረ። ድርጅቱ በነቀርሳ ምርመራ ረገድ አንድን ዘዴ አትጠቀሙ ብሎ ሲወስን የመጀመሪያው ነበር። የፕሮቲኑን ማንነት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉ መኖሩ ስለ ሕመሙ ምን ይናገራል የሚለው ሌላ ነው።

የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን የሚመለከት ሥራም አለ። በቺካጎ ጆን አልቨርዲና ባልደረቦቻቸው በ2008 ገደማ በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ከቀዶ ሕክምና ጉዳት በኋላ በአንጀት ንፍጥ ውስጥ ያለው ፎስፌት ይቀንሳል። በአንጀት ያለው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ይህን በፒ ኤስ ቲ በር በኩል ይረዳና ጠባዩን ወደ ጎጂነት ይለውጣል። ለአይጦቹ ፎስፌት በአፍ ሲሰጥ ሞት ቀንሷል። ለሰው የሚሆን የሕክምና መመሪያ ከዚህ ገና አልወጣም፤ ነገር ግን ጉዳት የደረሰበት አስተናጋጅ ሰውነት ለባክቴሪያው ምን ምልክት እንደሚሰጥ ማየት ያስገርማል።

ሚቸል በ1950ዎቹ ያዩት አንድ ለአንድ ልውውጥስ ምን ነበር? ለዚህ ዓይነቱ ነገር ግልጽ ማብራሪያ የሰጡት በጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ፒተር ማሎኒ ናቸው። በ1984 እሳቸውና አምቡድካር በስትሬፕቶኮከስ ላክቲስ ሽፋን ላይ ፎስፌትን ከስኳር ፎስፌት ጋር የሚለዋውጥ በር አሳዩ። አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። የበሩ ዋና ሥራ ፎስፌትን ማስገባት ሳይሆን በፎስፌት ዋጋ የተዘጋጀ ስኳር መግዛት ነው። ስኳር ፎስፌት በሌለበት ሙከራ ግን ፎስፌት በፎስፌት ይለወጣል፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት በካምብሪጅ የታየውን ዓይነት ማለት ነው። ሚቸል በ1992 ከማረፋቸው በፊት ይህን ለማየት በቅተዋል።

እነዚህ የልውውጥ በሮች ለሐኪሙ የሚታወቁት በፎስፎማይሲን ነው። በ1969 በስፔን አፈር ውስጥ ከተገኘ ስትሬፕቶማይሲስ መገኘቱ ይፋ የሆነው ይህ መድኃኒት፣ ሌሎች መድኃኒቶችን በለመዱ ባክቴሪያዎች ለሚመጣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በድጋሚ ተፈላጊ ሆኗል። ፎስፎማይሲን ወደ ባክቴሪያው የሚገባው በእነዚሁ ሁለት በሮች ነው፤ አንዱ ግሊሴሮል ፎስፌትን፣ ሌላው ግሉኮስ 6 ፎስፌትን በፎስፌት የሚለውጡ ናቸው። መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ብዙ ዝርያዎች የተረፉት፣ ማላሚ በአርሴኔት እንዳዩት፣ በሩን በመዝጋት ነው። የግሉኮስ 6 ፎስፌቱ በር በተለመደው የላቦራቶሪ ማብቀያ ላይ አይሠራም፤ ባክቴሪያው የሚሠራው ስኳሩ በአካባቢው እንዳለ ሲረዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ለፎስፎማይሲን የመድኃኒት ስሜት ምርመራ በማብቀያው ውስጥ በሚሊ ሊትር 25 ማይክሮግራም ግሉኮስ 6 ፎስፌት ይጨመራል። ይህ ካልተጨመረ፣ በሕመምተኛው ሽንት ውስጥ በመድኃኒቱ የሚሞት ኢ ኮላይ በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።